ያልነበረ ጠብ

ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል ስትወጣ እጆቿ ሙያቸውን አልረሱም። የስፌት መኪናዋ ፊት ስትቀመጥ እግሯ ፔዳሉን ራሱ ያገኘዋል፤ መቀሱም እንደ ድሮው ይታዘዛታል። የማጅራት ገትር ትኩሳት የወሰደባት ከመታመሟ በፊት የነበሩ የጥቂት ወራት ትዝታዋን ነው። ታላቅ እህቷ ለምን ድርሽ እንደማትል እንኳ አታውቅም።

የነገራት ባሏ ነው። የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው።

«ተጣላችሁ እኮ» አላት። «እዚችው ሳሎን፣ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ጣቷን ቀስራ ‹አንቺ ያለ እኔ ምንም አይደለሽም› አለችሽ። በሩን አላትማ ወጣች።»

የእህቷ ነገር በተነሳ ቁጥር ይህንኑ ይደግምላታል። እየዋለ ሲያድር ጠቡ በዓይኗ ይመጣባት ጀመር፤ የተቀሰረው ጣት፣ የበሩ ድምፅ፣ ሁሉም። ቂሙም ተከትሎ መጣ። ለባሏ ስትነግረው ፊቱ በራ። «አየሽ? እየተመለሰልሽ ነው!»

ሐኪሟ ግን ይህን ስትሰማ ፈገግ አላለችም።

«ራስሽ ነሽ ያስታወስሽው፣ ወይስ ሰው ነገረሽ?»

«ልዩነት አለው እንዴ ዶክተር?»

«ለአንጎልሽ ብዙም የለውም። የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ሲናፕስ እንለዋለን። ሁለት ሴሎች አብረው በሠሩ ቁጥር መገናኛቸው ይጠነክራል፤ በየቀኑ እንደሚያወሩ ጎረቤቶች በግማሽ ቃል ይግባባሉ። ልብስ መስፋት የተማርሽውም፣ ያየሽውን የምታስታውሽውም እንዲሁ ነው። ችግሩ፣ መገናኛው እውነትና ውሸት አይለይም። የተደጋገመው ይጠነክራል።»

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ ሳሎኑ መሃል ቆመች። ጠቡን እንደገና በዓይነ ልቦናዋ አመጣችው። እህቷ ቆማለች፤ ከጀርባዋ አረንጓዴው መጋረጃ ይታያል።

ክው አለች። አረንጓዴውን መጋረጃ ጨርቁን ለክታ፣ ቆርጣ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ያውም ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ። በፊት የነበረው የነጣ ቢጫ ነበር። ታዲያ እህቷ ገና ባልተሰፋ መጋረጃ ፊት እንዴት ቆመች?

ከዚያች ቀን ወዲህ ሆዷ ሻከረ። ባሏ ሲናገር ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሆን ብላ ስለ ጠቡ ስትጠይቀው አንድ ቃል አይዛነፍም። ሰው የደረሰበትን ሲያወራ አንዱን ይጨምራል፣ ሌላውን ይረሳል፤ የእሱ ግን እንደተሸመደደ ትምህርት ነው። ስልኳን ፈተሸች፤ የእህቷ ቁጥር የለም።

«ምነው ጠፋ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ» አለና ካልሲውን መፈለግ ጀመረ። ካልሲው እግሩ ላይ ነበር።

በማግስቱ እህቷ ወደምትሠራበት ዳቦ ቤት ሄደች። እህቷ ስታያት ዱቄት የነካ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች።

«እትዬ፣ ምን ተባብለን ነው የተጣላነው?»

«እኔና አንቺ? መች ተጣላንና!»

እህቷ ከዱቄት ጆንያዎቹ አጠገብ ተቀምጣ፣ እንባዋ እየቀደማት ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ የታመመች ቀን አብራት የነበረችው እህቷ ናት። «ራሴን፣ አንገቴን» ስትላት «ጉንፋን ነው፣ ተኝተሽ ይለቅሻል» ብላ አልብሳት ሄደች። ባሏ ከሥራ ሲገባ ራሷን ስታ አገኛት።

«ሆስፒታል በር ላይ ‹አንቺ ነሽ የገደልሻት፣ ሁለተኛ እንዳላይሽ› አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ቀረሁ።»

ባል ማምሻውን ሲገባ እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«በል ንገረን» አለችው ሚስቱ። «እንዴት ነበር የተጣላነው?»

«እዚችው ሳሎን… መስኮቱ ጋ ቆማ… ጣቷን ቀስራ…»

«ዓይኔን እያየህ?» አለች እህት።

ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ፈጥሬው ነው» አለ። «ተናድጄ ነበር። እንዳትናፍቂያት ብዬ…» በመዳፉ ፊቱን አሸ። «አሁን ግን እኔም ይታየኛል። እዚያ ጋ ቆማ አያታለሁ። የበሩ ድምፅ እንኳ ይሰማኛል።»

ይህን ሲል ይዋሽ፣ እውነቱን ይናገር ልብስ ሰፊዋ ልትለይ አልቻለችም። በደጋገመው ቁጥር የእሱም አንጎል አብሮ ሲማር እንደከረመ ገባት፤ ይህ መግባቱ ግን ንዴቷን አላበረደውም። ለብዙ ቀናት አኮረፈችው።

አልተፋቱም። እህቷም እንደ ድሮው መግባት መውጣት ጀመረች፤ እሱም እህቷን ይቅርታ ጠይቋል። አንዳንዴ ግን እህቷ ብድግ ብላ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ፣ ያ ያልነበረ ጠብ ልብስ ሰፊዋን ቆንጠጥ ያደርጋታል። ስለ እነዚያ ወራት ማንም ቢነግራት «ሌላ ማን አየ?» ሳትል አታምንም። እህቷን ሳይቀር ትጠይቃታለች። እህቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ከፋት፤ በኋላ ለመደችው።