በወረቀቱ ላይ ያልነበረ መልስ

ከመቶ ሠላሳ ስምንት። የእንግሊዝኛ መምህሩ ቁጥሩን በቀይ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ተማሪዎቹ ወጥተው ሲያልቁ ልጅቷን አስቀርቶ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ሰዋስውሽ ክፉ አይደለም። የጣለሽ ምንባቡ ነው» አላት። «ጥያቄ አራትን እስቲ እዪው። ሰውየው ሥራውን ለምን ለቀቀ ነው የሚለው። አንቺ ሚስቱ ስለታመመች ብለሻል። ሚስቱን ከየት አመጣሽለት? ምንባቡን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት፤ ሰውየው ወንደላጤ ነው።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም።

«የመጀመሪያውን መስመር ታነቢና የቀረውን ከሆድሽ ትሞዪዋለሽ። ደግሞ አሳምረሽ ነው የምትሞዪው፤ ክፋቱ እሱ ነው። ለማጠቃለያው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ከዛሬ ጀምሮ ጣትሽን ያላሳረፍሽበትን ነገር መልስ ብለሽ እንዳትጽፊ። ‹ይኼው፣ እዚህ ጋ› ማለት ካልቻልሽ አታውቂውም ማለት ነው።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ መሃል ሸሸገችው። በሰፈሩ እሷን «ምሁሯ» ነው የሚሏት። ይህ ከአባቷ የተረፋት ስም ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣ ደብዳቤ፣ የዕቃ መመሪያ፣ የሐኪም ወረቀት ሁሉ ወደ እነሱ በር ይመጣ ነበር፤ እሱም መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ ያነብላቸዋል። ካረፈ በኋላም ወረቀቱ መምጣቱን አላቆመም። እናቷ በሩን ከፍታ «ልጁ አለች አይደል?» ያለች ቀን ልጅቷ እጇን ዘርግታ ተቀበለች። ያን ቀን በእናቷ ፊት ላይ የታየው ኩራት እንዳይጠፋ ስትል ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ አነበበች፤ ያልገባትንም ጭምር።

ቤት ስትደርስ እናቷ ገና ከሥራ አልተመለሰችም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የአምናውን ፈተና ዘረጋችና መምህሩ እንዳላት ማድረግ ጀመረች። አንደኛው ጥያቄ፤ ጣቷን አሳረፈች፤ አገኘችው። ሁለተኛው፤ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ ጣቷ ግን የሚያርፍበት አጣ። ለካ እንዲህ ነው የምታደርገው። ቃሉ በሌለበት መልሱ አፏ ላይ ይደርሳል፤ ጣዕሙም ከእውነት አይለይም።

ይኼኔ ነው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ትዝ ያለቻት።

ስምንት ቀን ይሆነዋል። ልብስ ሰፊዋ ለደም ግፊቷ የታዘዘላትን አዲስ ክኒን ከነእንግሊዝኛ መመሪያ ወረቀቱ ይዛ መጥታ፣ «ምሁሯ፣ ይኼ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ፈጭቼ በውኃ ብወስደው ምን ይለኛል ወረቀቱ?» አለቻት። ወረቀቱ ሲዘረጋ ክንድ ያህላል፤ ፊደሉ የጉንዳን መንገድ ነው። እናቷና ሁለት ጎረቤቶች ቆመው አፍ አፏን ያያሉ። ልጅቷ ከላይ ሦስት መስመር አነበበች፣ ዓይኗን እስከ ታች አንሸራተተችና «ይቻላል» አለች።

«የአባቷ ልጅ!» አሉ ጎረቤቶቹ።

አሁን ያን ወረቀት በሐሳቧ ዘርግታ ጣቷን የምታሳርፍበት ፈለገች። የለም። ስንቱ ሰው ክኒን ፈጭቶ ይወስድ የለ? አለች ለራሷ። ግን ደግሞ ሌላ ነገር ልብ አለች። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ግድግዳውን አልፎ ሲንኳኳ የሚውል ነው። ዛሬ ዝም ብሏል። ትናንትስ? ትናንትም የሰማችው አልመሰላትም።

ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

በሩ ገርበብ ብሏል። መኪናው ላይ እጅጌው ያልተገጠመ ሸሚዝ መርፌው እንደተተከለበት ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ ከጨርቅ ክምሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች።

«እትዬ?»

«አንቺ ነሽ? ግቢ። መጋረጃውን አትግለጪብኝ፣ ቤቱ ይዞርብኛል። እኔ እኮ እስካሁን አላረጀሁም ነበር፤ በዚህ ሳምንት አረጀሁ። ስነሳ ወለሉ ይከዳኛል።»

«የክኒኑ ወረቀት የት ነው?»

«መሳቢያው ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ጋር። ምነው?»

«ለ... እንግሊዝኛ ልለማመድበት ነው።»

ይህም ውሸት ሳትጠራው መጣ፤ እንደሌሎቹ አምሮ።

ወረቀቱን በሩ ላይ ባለው ብርሃን ዘርግታ ከላይ ጀመረች፤ ቃል በቃል። ጣቷ መስመር ሲስት ትመልሰዋለች። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ቆመች፣ ተመለሰች። አንደኛው ገጽ አለቀ። ሁለተኛው ላይ፣ ከመሃል ዝቅ ብሎ፣ አገኘችው። ክኒኑ ሳይሰበርና ሳይፈጭ እንዳለ ይዋጣል፤ የተሠራው መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲለቅ ስለሆነ፣ ከተፈጨ ሁሉም ባንዴ ደም ውስጥ ይገባል። ደገመችው። ሠለሰችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳስቼ በሆነ ብላ ተመኘች።

ሰፈሩ ይሰማል። እናቷ ትሰማለች። ወረቀቱ ላይ አዲስ ነገር አየሁ ብትልስ? ለጥንቃቄ ሐኪም ይይዎት ብትልስ? የሚያምሩ ውሸቶች ተሰልፈው አፏ ላይ ደረሱ።

«እትዬ፣ ዛሬም ፈጭተው ነው የወሰዱት?»

«ጠዋት። እንዳልሽኝ።»

«ያን ቀን አላነበብኩትም። ገምቼ ነው። አይፈጭም ነው የሚለው። ይኼው፣ እዚህ ጋ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። ከዚያ በክርኗ ተደግፋ ልትነሳ ስትል ተመልሳ ወደቀች፤ የዓይኗ ነጭ ብቻ ታየ። ልጅቷ ጮኸች።

ጤና ጣቢያ ድረስ ተሸክሟት የሄደው ግቢያቸው ውስጥ የሚኖረው ግንበኛ ነው። እናቷም ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝታቸው ተከተለች። ነርሷ የልብስ ሰፊዋን ክንድ በግፊት መለኪያው ጠቅልላ ለካች፣ ፊቷን አጨፈገገች፣ እንደገና ለካች። ልጅቷ ይዛ የመጣችውን ክኒን አይታ፣ ተፈጭቶ መወሰዱን ስትሰማ ወደ ቆሙት ዞረች።

«ይኼን ፈጭታ እንድትወስድ የነገራት ማነው?»

ግንበኛው እግሩን አየ። እናቷ ያን ቀን እንዳልነበረች ሁሉ፣ «ባለሙያ ነው እንጂ ማን ደፍሮ...» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። አልመታቻትም፤ ብትመታት ይቀላት ነበር።

ለልብስ ሰፊዋ በክንዷ የደም ሥር የሚገባ ውኃ ተሰቀለላት። ለሁለት ሰዓት ያህል ልጅቷ ጠብታውን ስትቆጥር ቆየች፤ አንዱ ከሌላው ሲዘገይ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። በመጨረሻ ነርሷ፣ «ግፊቷ እየተመለሰ ነው፤ ግን እዚሁ ታድራለች» አለች።

ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ጠራቻት። «መድኃኒት ቤቱን ልጠይቅ ነበር። ‹ወረቀቱ ላይ አለልዎት› ሲለኝ ማንበብ አልችልም ማለት አሳፈረኝ። አንቺም አላውቅም ማለት አሳፈረሽ። ሁለት አፋሪዎች ተገናኝተን እኔን ልንቀብር ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ።» የሳቀች ትመስላለች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ እናቷ ጠየቀቻት።

«ሌላ የደበቅሽኝ አለ?»

«እንግሊዝኛ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

እናቷ አረማመዷን አልቀየረችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ግንበኛው በሩን አንኳኳ፤ ከአሠሪው ድርጅት የመጣ ደብዳቤ ይዟል። እናቷ በሩን ከፍታ ቆመች፤ «ልጁ አለች» የሚለውን የወትሮ ቃሏን አልተናገረችም። ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበች።

«እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል፤ ውልዎን ሊያድሱ ይፈልጋሉ። ከዚህ በታች ያለውን አላውቀውም። መምህሬን ጠይቄ ነገ እነግርዎታለሁ።»

«አባትሽ እኮ እዚሁ እንደቆምኩ ነበር የሚጨርስልኝ» አለ ግንበኛው፤ በክፋት አልነበረም።

«አዎ» አለች። እናቷን ለማየት ፈራች፤ ቢሆንም አየቻት። እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

ግንበኛው ሲሄድ ያላወቀቻቸውን ቃላት ደብተሯ ላይ ጻፈች። አሥራ አንድ ናቸው። ለፈተናው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፤ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች።