የሱሺላ አመድ በጉና ምንጭ

ዶክተር ጎፓል የባለቤታቸውን አመድ ይዘው ከአዲስ አበባ የተመለሱ ዕለት ማሰሮዋን ወደ ቤት አላስገቧትም። በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ ከግቢው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሏት። አከራያቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ በማሰሮዋ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከሰሙ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ዛፍ ሥር አላለፉም። በሦስተኛው ቀን አሰለፈችን አስጠርተው፣

«አንቺ ከሳቸው ጋር ትሠሪ የለም? እስኪ ጠይቂልኝ ልጄ፤ ሰው እንደ ቋንጣ ይሰቀላል?» አሏት።

አሰለፈች ደብረ ታቦር ባለው ዩኒቨርሲቲ የውኃ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ናት። ሕንዳዊው ዶክተር ጎፓል የውኃ ኬሚስትሪ መምህር ሆነው ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁለቱ ከርብ እስከ ጉማራ ጠርሙስ ያልሞሉበት ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጠርሙሱ ላይ ቀንና ሰዓት ሳይጽፍ የሚመጣ ተማሪ ካልሆነ በቀር ማንንም አይቆጡም። ባለቤታቸው እትዬ ሱሺላ ግን ሳቂታ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ አሰለፈችን «ልጄ» የሚሏት በአማርኛ ነበር፤ ከአማርኛው መጀመሪያ የያዙት ቃልም እሱ ነው። በግንቦት መጀመሪያ ገበያ ውለው ገብተው፣ ቲማቲሙን ከዘንቢሉ እያወጡ ሳለ ወደቁ። ሐኪም ቤት አልደረሱም።

አዲስ አበባ ሕንዶች ሬሳቸውን የሚያቃጥሉበት ቦታ እንዳለ ሰዎች ለዶክተሩ ነግረዋቸው ሲሄዱ አሰለፈችም አብራ ሄደች። እሷ ያደገችው ሰው ሲሞት ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርሶለት፣ አፈር ሲለብስ እያየች ነው። እሳት ሰውን ሲበላ አይታ አታውቅም፤ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። በኋላ ግን ዶክተሩ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሬሳውን ሲዞሩ፣ ከዚያም እሳቱን በገዛ እጃቸው ሲለኩሱ አየች። ያኔ ፍርሃቷ ለቀቃትና በቅዳሴ መካከል መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰማት ዓይነት ዝምታ ወረዳት። ስለዚህ ነገር ለማንም አላወራችም።

አሁን የወይዘሮ ወርቅነሽን ጥያቄ ይዛ ሄዳ፣ ትንሽ አለዝባ ጠየቀቻቸው። የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው።

«ቤት አትገባም፤ መሬትም አትነካም። ወንዝ እስክትደርስ ድረስ እንደዚያ ነው ወጉ» አሏት።

«የትኛው ወንዝ?»

ዶክተሩ ማሰሮዋን ቀና ብለው አዩ። «አየሽ፣ ጭንቄ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ሙታናችሁን ወንዝ ውስጥ አትጨምሩ› እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ቤተ ሙከራው ድረስ መጥተው፣ «ርብ የሚነሣው ከጉና ነው አይደል?» አሏት።

«አዎ፣ ከጉና ተራራ።»

«ከአናቱ?»

«ከአናቱ ሥር ምንጮች አሉ። ተማሪዎቻችን የሚቀዱበት አንዱ ነው።»

«እዚያ ውሰጂኝ። አንዲት እፍኝ ብቻ ነው የምጨምረው። ሌላውን ወደ ሀገሬ ስገባ እወስደዋለሁ።»

አሰለፈች ወዲያው እሺ አላለችም። ከዚያ ምንጭ ሰው ይጠጣል። ቢሆንም እምቢ ለማለት አንደበቷ አልታዘዘላትም። ለምንጩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለአያ ጌጡ ደውላ ነገሩን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። አያ ጌጡ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ለሞተችው ነፍስ ይማር። ሬሳ ግን ውኃችን ውስጥ አይገባም» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ለዶክተሩ ይህንኑ ስትነግራቸው አልተቆጡም። «ልክ ናቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ቢሆንም ሄጄ ፊት ለፊት ልጠይቃቸው» አሉ።

እስከ ጋሳይ በመኪና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ዶክተሩ በበቅሎ፣ አሰለፈች በእግሯ ሆነው ዳገቱን ያዙት። ዶክተሩ ማሰሮዋን በነጠላ ደረታቸው ላይ አስረዋታል፤ ልክ እናት ሕፃን እንደምታዝል፣ ግን ከፊት። የገብሱና የድንቹ ማሳ እያለቀ ሄደ። ብርዱ ጠና፣ ጉሙ ከላይ ወረደ፤ በጉሙ መካከል ጅብራ የሚሉት የውርጭ ተክል ቀጥ ብሎ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ስድስት ዓመት ሙሉ ዶክተሩ እዚህ ወጥተው አያውቁም፤ ጉልበታቸው አይፈቅድም ነበርና ተማሪዎቹ ነበሩ ጠርሙስ እየሞሉ የሚያመጡላቸው።

ምንጩ ጋ ሲደርሱ ስምንት ያህል ወንዶች መምጣታቸውን ሰምተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከቋጥኙ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። አያ ጌጡ ተነሡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ አይሆንም ብየሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል አያ ጌጡ። ዶክተሩ ራሳቸው ሊጠይቁዎት ብለው ነው።»

«ይጠይቁ፤ መጠየቅ አይከለከልም። ግን ንገሪያቸው። ይህ ምንጭ ስንት አባወራ ያጠጣል መሰለሽ? ከላዩ በግ አናሳልፍም። ልብስ አናጥብበትም። የወለደች እንኳ አርባዋ ሳይሞላ አትቀዳበትም። ለሞተ ማዘን ሌላ፣ ውኃ ማርከስ ሌላ።»

አሰለፈች ተረጎመችላቸው። ዶክተሩ ከበቅሎው ወረዱና ጫማቸውን አወለቁ። ሰዎቹ ተያዩ። ዶክተሩ በዚያ ብርድ በባዶ እግራቸው እርጥቡን ሣር ረግጠው ከምንጩ አፍ አጠገብ ተንበረከኩ።

ውኃው ከጥቁሩ ቋጥኝ ሥር ያለ ድምፅ ይወጣል። ከሥሩ ያሉት ጠጠሮች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አልፎ አልፎ አንዲት ጠጠር ብድግ ብላ መልሳ ስትቀመጥ ነው ውኃ መኖሩ የሚታወቀው። ዶክተሩ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አሰለፈች ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ ገባትና የውኃ ጥራት መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። ነከሩት። ቁጥሩን አነበቡ። መሣሪያውን አራግፈው፣ ጠርገው፣ እንደገና ነከሩት።

«ባለፈው ዓመት አዳነ የሚባለው ተማሪ ከዚህ ቀድቶ ሲያመጣልኝ ምን እንዳልኩት ታስታውሻለሽ?» አሏት።

«ከሱቅ የገዛኸው የታሸገ ውኃ ነው ብለው ዜሮ ሰጡት።»

«ዜሮ ሰጠሁት» አሉና መለኪያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ልጁ እውነቱን ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውኃ ለክቼ አላውቅም።»

ደረታቸው ላይ ያለችውን ማሰሮ በሁለት እጃቸው አቀፏት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ አያ ጌጡን ቀና ብለው እያዩ፣ «አልጨምርም» አሉ።

አያ ጌጡ ዱላቸውን ቋጥኙ ላይ አስደግፈው ከዶክተሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ለምንድን ነው ግን ወንዝ ውስጥ የምታስገቡት?» ሲሉ ጠየቁ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም።

ዶክተሩ ማውራት ጀመሩ። አሰለፈች እግር በእግር እየተከተለች ትተረጉማለች፤ እሷም ታሪኩን የምትሰማው ገና አሁን ነው። ያደጉት ከጋንጅስ ወንዝ ዳር ነው። ያ ወንዝ ለእነሱ እናት ነው፤ የነካውን ሁሉ ከኃጢአት ያነጻል ይባላል። አዋቂ ሰው ሲሞት ይቃጠልና አመዱ ይሰጠዋል። ሕፃንና መናኝ ግን አይቃጠልም፤ ድንጋይ ታስሮበት እንዳለ ይሰጥማል። ዶክተሩ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የሁለት ዓመት ወንድማቸው በኩፍኝ ሞተ። አባታቸው በጀልባ ወስደው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ድንጋይ አስረው ወንዙ መካከል ለቀቁት።

«በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከዚያው ወንዝ ውኃ ቀድታ መጣች» አሉ ዶክተሩ። «ኩባያውን ስትሰጠኝ ‹ወንድሜ እዚህ ውስጥ ነው?› አልኳት። ‹አዎ፣ ስለዚህ ጠጣ› አለችኝ። ጠጣሁ።»

አሰለፈች ይህንንም ተረጎመችው። ካሉት ወንዶች አንዱ አማተበ።

ዶክተሩ ቀጠሉ። ካደጉ በኋላ ያንኑ ወንዝ መለካት ሥራቸው ሆነ። እንጨት መግዣ ያጣ ድሃ ሬሳውን ግማሹን አቃጥሎ ሲለቅ አዩ። ከአበባው፣ ከጨርቁ፣ ከአመዱ ሥር የሚታጠብና የሚጠጣ ሰው አዩ። ትልቁ መርዝ የከተሞቹ ፍሳሽና የፋብሪካው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን ሙታኑም ድርሻ ነበራቸውና ያንን በጽሑፍም በአደባባይም ተናገሩ። የገዛ ዘመዶቻቸው ከሃዲ አሏቸው።

«ከዚያ እናቴ ሞተች። ለጋንጅስ ስጠኝ ብላኝ ነበር። ሰጠኋት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከዚያው ቦታ ውኃ ቀድቼ ለካሁ።» ወደ ምንጩ አዩ። «አንዲት እፍኝ ምንም አታደርግም እያልኩ ነው ዛሬ የመጣሁት። የእኛም ወንዝ እኮ በአንዲት እፍኝ ነው የጀመረው።»

ጉሙ ወርዶ ሁሉንም ሸፈናቸው፤ ከምንጩና ከራሳቸው በቀር ምንም አይታይም። አያ ጌጡ እጃቸውን ውኃው ላይ ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት።

«እስኪ እኔም ልጠይቅዎት። እርስዎ የተማሩ ነዎት። ይህን ውኃ እንዲህ ያጠራው ምንድን ነው?»

ዶክተሩ መልሱን ሲያስቡ አያ ጌጡ ራሳቸው መለሱት።

«ተራራው ነው። በክረምት እዚህ የሚዘንበው ዝናብ በግ የረገጠውን፣ ኩበቱን፣ የሞተ አውሬ አጥንት ሳይቀር እያጠበ ነው ወደ መሬት የሚሰርገው። ይገባል፣ ይገባል፤ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እግዜር ይወቀው። ሲወጣ ይኸው። ታዲያ ወንዙ ውስጥ ምን አስጨመረዎት? ከምንጩ በታች፣ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ፣ ለተራራው ይስጧት። መሬት አትነካም ይላሉ አሉ። እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ግን ተራራው አጥርቶ ወንዙ ጋ ራሱ ያደርሳታል።»

አሰለፈች ተርጉማ ስትጨርስ ዶክተሩ አያ ጌጡን ትክ ብለው አዩዋቸው። ይህንኑ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ በሰሌዳ ላይ ሲያስተምሩት ኖረዋል፤ አፈር ውኃን እንዴት እንደሚያጣራ፣ በስንት ክንድ ጥልቀት ምን እንደሚቀር። ለሱሺላ ይሆናል ብለው ግን አስበው አያውቁም ነበር። እንባቸው ሳይታወቃቸው ወረደ። በሀገራቸው የአክብሮት ወግ ዝቅ ብለው የአያ ጌጡን እግር በእጃቸው ዳሰሱና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ። አያ ጌጡ ደንግጠው ብድግ አሉ።

ቦታውን ሰዎቹ መረጡ። ከምንጩ ወደ ታች ጥይት ተተኩሶ የማይደርስበት ያህል ርቀው፣ ከተራራው አንድ ትከሻ ላይ፣ ለዱላ የመጡት ወንዶች ተራ በተራ ጉድጓዱን ቆፈሩት። አንደኛው ከቤቱ ጓሮ የኮሶ ችግኝ አመጣ። ዶክተሩ ጨርቁን ፈትተው አመዱን ቀስ ብለው አፈሰሱ፤ አንዲት እፍኝ ሳይሆን ሁሉንም። በቋንቋቸው አንድ ነገር አዜሙ። ሲጨርሱ አያ ጌጡ በራሳቸው ፈቃድ «አቡነ ዘበሰማያት» ደገሙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አሰለፈች በሁለቱ ጸሎት መካከል ቆማ ጸጉሯ ሥር ድረስ ነዘራት።

አፈሩን መልሰው ሳይጨርሱ ዝናቡ መጣ። ከአንድ ዋሻ ሥር ተጠግተው ቆሙ። ተራራው በሙሉ ውኃ ሆነ፤ ከየስንጥቁ፣ ከየሣሩ ሥር ክር የሚያህሉ ጅረቶች እየወጡ ቁልቁል ይሮጣሉ።

«ከዚህ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ አያ ጌጡ።

«ወደ ርብ» አሉ ዶክተሩ። «ከርብ ጣና። ከጣና በዓባይ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ከዚያ ባሕር።»

«ከባሕሩስ?»

ዶክተሩ ጣታቸውን ወደ ደመናው አነሡ። አያ ጌጡ ከዋሻው ብቅ ብለው ወደ ላይ አዩ። ዝናቡ ፊታቸውን እየመታው ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጡና ብዙ ቆዩ።

በዓመቱ የዶክተሩ ኮንትራት አልቆ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት አዳነን ጠርተው ውጤቱን አስተካከሉለት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለአሰለፈች ይጽፋሉ፤ ስለ ችግኙም ይጠይቃሉ። እሷ በየካቲት ለናሙና ወጥታ ስታየው ኮሶው ከጉልበቷ በላይ ደርሷል፤ ዙሪያውን በድንጋይ ታጥሯል፤ ከሥሩ ያለው አፈርም እርጥብ ነው። ግንዱ ግን ለቆየ ችግኝ ቀጠነባት፤ ያኔ የተተከለው አልመስል አላት።

አያ ጌጡን ጠየቀቻቸው። ችግኙን ያጠጡበትን ባዶ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል።

«ያኛውንማ በኅዳር ውርጭ መታው። ደረቀ» አሉ። «ታዲያ እኒያን ሰውዬ ደረቀ ብየ ላስለቅሳቸው? ሌላ ተከልሁ። ይኼም ቢደርቅ ሌላ አለ።»

አሰለፈች ጀሪካኑን ተቀብላቸው ወደ ምንጩ ወጣች።