ለስድሳ ዓመት የተገዘተው ደን

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ገብስ የሚዘራ ሰው ወራትን ይቈጥራል፤ ዝግባ የሚተክል ሰው ግን ትውልድን ይቈጥራል፥ በቈጠረውም ትውልድ ውስጥ ራሱን አያገኝም። ከሥራም ሁሉ መራራው ገና ላልተወለዱት ጠበቃ ሆኖ መቆም ነው፤ ያልተወለደው አያመሰግነውም፥ የተወለደው ግን ይታዘበዋል።

በአምባ ጸዳል አገር አዛዥ ዘወልድ የሚባሉ ዳኛ ነበሩ፥ በልጅነታቸው እንጨት በትከሻቸው ተሸክመው ያደጉ፥ በኋላም በአእምሮና በትጋት ብቻ የፍርድ ወንበር የያዙ። ደኑ ስለ ተመነጠረ፥ ሰባቱን አድባራት የሚያጠጣው የተራራው ምንጭ ከሰባት ዐይኑ ሦስት ብቻ እንደ ቀሩት ባዩ ጊዜ፥ አለቆችንና ሽማግሎችን ሰብስበው ተራራውን በስድሳ ክፍል ከፈሉ፤ በየዓመቱ አንድ ክፍል ጥድና ዝግባ እንዲተከልበት፥ የተተከለውም ስድሳ ዓመት ሳይሞላው ምሳር እንዳይነካው፥ ከዚያም ወዲያ በየዓመቱ አንድ ክፍል ብቻ እየተቈረጠና እየተተካ እንጨቱም ውኃውም ለልጅ ልጅ እንዳይጐድል ሥርዐት ሠሩ። የገዳሙ አበምኔት አባ ክንፈ ሚካኤልም በመስቀላቸው ገዘቱ። ካህናቱ ግን ፊታቸውን ስላጠቈሩ፥ አዛዥ ልባቸውን ለመግዛት አምስት ቃላት በግዝቱ ላይ አስጨመሩ፦ «ለቤተ እግዚአብሔር ሥራ ካልሆነ በቀር»።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት የምንጩ ዐይኖች ስድስት ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት አንዱ ደብር ለዘመመ ጣራው አርባ ጥድ ለመነ፥ ተፈቀደለትም። ጎረቤቱም «እነርሱ በጥድ ሲሠሩ እመቤታችን በሸምበቆ ትደር?» ብሎ ሰማንያ ቈረጠ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ታቦት የማያስገባ መንደር ጠፋ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ሰባቱ አድባራት ዐሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አዛዥም ወደ አለቃ ጥዑመ ልሳን፥ ወደ ካህናቱ ሁሉ አፈ ጉባኤ፥ ሄደው፥ «አባቴ፥ ይህ ሁሉ መቅደስ ለስንት ምእመን ነው?» ቢሏቸው፥ አለቃ ሣቅ ብለው፥ «አዛዥ፥ ጸሎትም እንደ ጤፍ በቁና ይሰፈር ሊሉ ነው? እርስዎ ዛፍዎን ይቍጠሩ፤ እኛን መላእክት ይቈጥሩናል» አሏቸው። አምስቱ ቃላት ከግዝቱ እንዲወጡ ቢማልዱም፥ አበምኔቱ ዐርፈው ነበርና፥ በሟች አባት ግዝት ላይ የሚጨምርም የሚቀንስም አልተገኘም።

በሠላሳኛው ዓመት መጥረቢያ የያዙ ጐልማሶች፥ ለሥላሴ መቅደስ ማገር ፍለጋ፥ ሳይነካ ወደ ቀረው ክፍል ወጡ። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ አዛዥ ከዛፎቹ ፊት ተቀምጠው ጠበቋቸው። እነርሱም ጕልበታቸውን ስመው፥ «ይነሡ እንጂ አባታችን፥ ለሥላሴ ነው እኮ!» እያሉ፥ በክብር አንሥተው ከጥላው ወደ ፀሐይ አወጧቸው፤ የመጀመሪያው ጥድ ሲወድቅም ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ በሦስተኛው በጋ የምንጩ የመጨረሻ ዐይን ነጠፈ፤ በአርባ ቀኑ ለሚጠመቅ ሕፃን ውኃው ከግማሽ ቀን መንገድ በእንስራ ይመጣ ጀመር፥ ሕዝቡም ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ። ዛሬ በአምባ ጸዳል ዐሥራ ዘጠኝ መቅደስ ቆሟል፤ ለእያንዳንዱ ቅዳሴ አምስት አምስት፥ በጠቅላላው ዘጠና አምስት ልዑካን ያሻ ነበር፥ የቀሩት ግን አራት ናቸው፥ ለአንዱም አይበቁም። ሌባ የሚወስደውን ዘበኛ ያስጥላል፤ በጎ ሰው በፈጣሪው ስም የሚወስደውን የሚያስጥል ዘበኛ ግን ከቶ አልተወለደም።