ሲነሳ ያቃስታል

ሰውዬው ጡረታ ቢወጣም ፍተሻው ከእሱ አልወጣም ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ የሳሙና ፋብሪካ በር ላይ ወጪ ገቢውን ሲዳብስ ነው፤ የሠፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ፍተሻ» ይለዋል። ዛሬም ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ፌስታሉን ከመቀበሉ በፊት በዓይኑ ይበረብረዋል።

ሰሞኑን ግን የሚጠረጥረው ሰው ተለውጧል። ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ነገሩ የጀመረው የቤቱ ቁልፍ ጠፍቶ፣ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተገልብጦ ከተፈለገ በኋላ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን ጋደም ብሎ የተገኘ ዕለት ነው። «እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ ፍተሻ። ሚስቱ ምንም አልመለሰችም። ያ ዝምታዋ ነው የበላው። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ምላሱ ላይ በቆመበት ቁጥር ሄዶ ፍሪጁን ከፍቶ ያያል። አእምሮዬ እየከዳኝ ነው፣ ይህ ከታወቀ ደግሞ ቤት ውስጥ የእቃ ያህል ነው የምቆጠረው ብሎ ፈራ።

እንዲህ እንዳለ አንድ ጠዋት ሚስቱ ማድ ቤት ሆና በስልክ ስታወራ ሰማት። በሩ ገርበብ ብሏል። ገርበብ ያለ በር አይቶ ማለፍ የፍተሻ ጠባይ አይደለም።

«አዎ ዶክተር፣ አርጅቷል» ትላለች። «ሲነሳ ያቃስታል። … ምን? አዎ፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ካዘዝኩት ድርቅ ብሎ ይቀራል። ድሮማ እንዲህ አልነበረም። … ሜሞሪው ነው አልሽ? እኔም ጠርጥሬያለሁ።»

ፍተሻ ጆሮውን ወደ ክፍተቱ አስጠጋ።

«ልጆቹማ ጣዪውና አዲስ አምጪ ነው የሚሉኝ። እኔ ግን ለምጄዋለሁ፣ በምን አንጀቴ እጥለዋለሁ? … እሺ፣ ነገ ነይና ከፍተሽ እዪው። … አይ፣ እሱማ ባያውቅ ይሻላል። ከሰማ ነገር ያበዛል።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ የምንነግረውን ለፍተሻ አንነግረውም። ሚስቱ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች፤ የምትተይብበት ኮምፒውተር ደግሞ ሳሎኑ ጥግ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ፣ ምርቃት በደረሰ ቁጥር የሚያስለቅሳት ሽማግሌ ነው፤ «ዶክተር» የምትላትም ጠጋኟን ነው። በቋንቋችን ታዲያ ኮምፒውተርም «እሱ» ነው፣ ባልም «እሱ» ነው። ስንቱ ትዳር በዚህች ሰዋስው እንደሚታመስ ያጠና የለም።

ፍተሻ ያን ቀን ነገሩን ሲበረብር ዋለ። ትከሻው ላይ ሲሸኑ ያደጉ ልጆች «ጣዪው» አሉ! ደግሞስ ከፍቶ ማየት ማለት ምን ማለት ነው? የቱን ነው የምትከፍተው? ቢሆንም ዝም ብሎ አይጠበቅም። ዶክተሯ ከመምጣቷ በፊት ራሱን ለፈተና ማዘጋጀት ጀመረ። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ያዘ፤ የማባዣ ሠንጠረዡን ሽንት ቤት ገብቶ አነበነበ።

ማታ እራት ላይ፣ «ሦስተኛው ሥራ አስኪያጃችን ማን እንደነበር ታውቂያለሽ?» አላት።

«እኔ በምን አውቄ?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ለምን ትጠይቀኛለህ?» ብላ ትክ ብላ አየችው። የመርሳት ምልክት ይዛብኛለች አለ በሆዱ።

በማግስቱ ሚስቱ ዳቦ ልትገዛ እንደወረደች በሩ ተንኳኳ። ጂንስ የለበሰች፣ ትንሽ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ናት።

«ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚለኝ» አለች እየሳቀች። «በሽተኛው የታል?»

«እዚህ ቤት በሽተኛ የለም።»

«እሱን ከከፈትነው በኋላ ነው የምናውቀው፣ አባባ።»

«መጀመሪያ ቦርሳሽ ይከፈት!»

ልጅቷ ግራ ቢገባትም ከፈተችለት። ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ብሩሽ። ፍተሻ እጁን ከታች ድረስ ሰዶ አንድ ነጭ ነገር አወጣ።

«ይሄስ?»

«ላጲስ ነዋ።»

«ላጲስ ለዶክተር ምን ያደርግላታል?»

«ሜሞሪው ከቆሸሸ ነቅዬ እፈገፍግበታለሁ።»

«ትፈገፍጊበታለሽ!»

«ቀስ ብዬ ነው፣ አይጎዳም። አንዳንዱ በዚያው ይነሳል» ብላ ጎንበስ ብላ እቃዋን መመለስ ጀመረች። ላጲሱ ድምፅ ሳያሰማ ፍተሻ ኪስ ገባ። «ለመሆኑ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ ሁለት!»

«ውይ አባባ፣ ቀልደኛ ነዎት! እኔ እኮ ከዐሥር ካለፈ መለዋወጫ አይገኝለትም ብዬ ነው የፈራሁት።»

መለዋወጫ! ፍተሻ እግሩን ገጥሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሥራ አስኪያጆቹን በተርታ መጥራት ጀመረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ልጅቷ ወደ በሩ አፈገፈገች። ስድስተኛው ላይ ሚስቱ ዳቦዋን ታቅፋ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ተፈትኜ አልፌያለሁ! የሚጥለኝ ካለ ልጆቹንም ጥሪያቸውና መጥተው ይጣሉኝ!»

ሚስቱ ባሏን አየች፣ ልጅቷን አየች፤ ከዚያ ሄዳ የኮምፒውተሩን ጨርቅ ገፈፈች። «በሽተኛው ይሄ ነው» አለች።

ፍተሻ ቀስ ብሎ ኮምፒውተሩ አጠገብ ባለችው የዘወትር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ግን ዓይኑን ከልጅቷ እጅ አልነቀለም። ቢያንስ ሌባ ልትሆን ትችላለች።

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ልጆቹ እናታቸው አልጥልም ስትላቸው የላኩላትን አዲስ ሜሞሪም ከማሸጊያው አውጥታ ከነባሩ ጎን ያዘችው። «ይሄ አይሆንም። የእናንተ ዲዲአር ሦስት የሚባለው ዓይነት ነው፣ የላኩት አራት። እዩት፣ ከታች ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያያል።»

«ገፋ ቢደረግስ?» አለ ፍተሻ።

«ይሰበራል። እንዳይገፋ ብለው ነው የለያዩት። ይሄ የዘመኑን እኩያ ነው የሚፈልገው።» ለዚሁ ብላ በኪሷ ይዛው የመጣችውን ሌላ ሜሞሪ አውጥታ ከነባሩ አጠገብ ሰካችው። «ይሄኛው ፈጠን ይላል። ግን አብረው ሲሆኑ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ነው የሚሄዱት።»

ሚስት ባሏን በዓይኗ ቆነጠጠችው። «የለመድኩት ነው» አለች።

ማብሪያው ሲጫን ኮምፒውተሩ ጢጥ ጢጥ ብሎ ቆመ። «ነባሩ ቆሽሿል። ላጲሴን…» ልጅቷ ቦርሳዋን ገለባበጠችው። ላጲስ የለም።

ሚስት ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ፍተሻ፣ እጅ ወደ ላይ!»

ዕድሜውን ሙሉ እጅ ሲያስነሳ የኖረ ሰው እጁን አነሳ። ሚስቱ ላጲሱን ከደረት ኪሱ አወጣች።

«ማስረጃ ነው» አለ።

«የምን ማስረጃ?»

ድምፁ ቀነሰ። «አእምሮዬን ልትነኩብኝ ነው ብዬ… ቁልፉን ፍሪጅ ከከተትኩ በኋላ እኮ እኔም ራሴን…»

«ቁልፉን? ቁልፉንማ ከቲማቲሙ ጋር የከተትኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺ?»

«‹እኔ ነኝ› ስትል ጊዜ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥፋቱ ያንተ ቢሆን ምን አለበት ብዬ ዝም አልኩ።»

ፍተሻ እጁን አወረደ። ለካ የሰው ቦርሳ ሲያምስ የከረመው ሌባዋን ጉያው ውስጥ ይዞ ኖሯል። ግን ከደረቱ ላይ የሆነ ድንጋይ ወረደለት፤ እንደ መሳቅም አደረገው።

ልጅቷ ነባሩን ፈግፍጋ መለሰችው። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ያውም ያለ አንዳች ድምፅ። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። «ማራገቢያውም ደህና ነው። ሲነሳ ያቃስታል ያሉኝ ታዲያ የቱ ነው?»

ሚስት ግንባሯን ቋጠረች። «ጠዋት ጠዋት ስከፍተው እኮ እዚሁ አጠገቡ ይሰማኛል…»

ይህን ጊዜ ፍተሻ ልጅቷ ስትወጣ ቦርሳዋን ሊያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እህህህ…»

ሁለቱም ዞረው አዩት።