ወፎቹን የምታውቀው ቀዛፊ

ሙሉእመቤት ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቷን ያሳረፈችው በጥቅምት መጨረሻ፣ ዲላ፣ ወልደዮሐንስ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ወልደዮሐንስ የልጇ የጽጌማርያም የክርስትና አባት ነው፤ እሷ ደግሞ አበልጇን ከሥጋ ወንድሟ አስበልጣ የምታይ ሴት ናት። ስለዚህ ምን ይላል ብላ አልጠየቀችም። ጣቷን ይዞ ሰማያዊ ቀለም አስነካና «ይኼ ለሁለታችንም ነው አበልጄ» አላት። «ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ፈረንጅ ይዞ ሐይቅ ላይ መውጣት ቀርቷል። ለኛ ዳርቻ የሚሰጡት ደግሞ አንድ ፈቃድ ብቻ ነው። ቶሎ ካልቀደምን ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

ሀዲጃ ይህን ስትሰማ ያልሆነችው የለም። ሀዲጃ ከአባያ ዳር ዓሣ እየገዛች ዲላ ገበያ የምትቸረችር ጎረቤቷ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«ማን አነበበልሽ?» አለቻት።

«አበልጄ የጻፉትን ሌላ ሰው ያንብብልኝ እንዴ?»

«እኔ እንኳን ዓሣ ስገዛ ዓይኑን ሳላይ አልገዛም።»

«አበልጄ ዓሣ አይደሉም።»

«ልክ ነሽ፤ ዓሣ መች ይጽፋል!»

ሙሉእመቤት ተቆጥታ ሁለት ቀን አኮረፈቻት። ግትር ናት፤ አንዴ ካመነች ማንም አያስለቅቃትም።

ከወልደዮሐንስ ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ታንኳው የሷ ነው፤ ከሟቹ ባሏ ከከፈለኝ የቀራት እሱ ነው። ከፈለኝ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሷም መረብ ልታግዘው አብራው ስትወጣ ወፎቹን ማወቅ ግድ ሆነባት። መንቁራቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉት ባለከረጢቶቹ ተሰልፈው ሲዋኙ ዓሣውን ወደ ዳር እየነዱት ነው። ጥቁሩ ጠላቂ ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ሲያደርቅ ከታየ፣ እዚያ ቦታ ዓሣው ገና ሳይበተን አልቀረም። እንዲህ እንዲህ እያለች በክንፍ አመታታቸው፣ በድምፃቸው፣ በሚያርፉበት ቦታ ለየቻቸው። ስማቸውን የሚነግራት ስላልነበረ ስም አወጣችላቸው።

ከፈለኝን ወባ ከወሰደው በኋላ አበልጇ ወልደዮሐንስ የሥራ ሐሳብ ይዞ መጣ። ለመንገድ ሥራ ፈረንጆች አስተርጓሚ የነበረ፣ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ሰው ነው። ወፍ ለማየት ብለው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች አሉ ብሎ ሲነግራት አላመነችውም ነበር።

«ይበሉታል?»

«አይበሉትም።»

«ታዲያ ምን ያደርጉታል?»

«ያዩታል። ካዩት በኋላ ይጽፉታል።»

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ወልደዮሐንስ ከፊት ይቆማል፣ ፈረንጆቹ መሐል ይቀመጣሉ፣ እሷ ከኋላ ትቀዝፋለች። ወፍ ስታይ በመቅዘፊያው እጀታ የታንኳውን ጎን ትመታለች፤ አንዴ ከሆነ በቀኝ፣ ሁለቴ ከሆነ በግራ። ከዚያ ያወጣችለትን ስም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። እሱ ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ይጣራል። የእንግሊዝኛውንም ስም ያገኙት አብረው ነው፤ አንድ እንግዳ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ትቶላቸው ስለሄደ፣ እሷ ሥዕሉ ላይ ጣቷን ስታስቀምጥ እሱ ከሥሩ ያለውን ያነባል። ፈረንጆቹ የሚያጨበጭቡት ከፊት ለቆመው ነው። ሙሉእመቤት ለዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። እኔ እንግሊዝኛ አልችል፣ እሳቸው ወፍ አያውቁ፣ ተጋግዘን እንበላለን ትላለች።

ኅዳር ሲገባ ፈቃዱን የሚሰጡት ሹም፣ አቶ ተክለጻድቅ፣ ከአዲስ አበባ መጡ። ከወልደዮሐንስ ጋር ከዲላ በላንድሮቨር ቁልቁል ወርደው፣ የቡናውንና የእንሰቱን ጥላ ለቀው ቆላው ውስጥ ሲገቡ ኮታቸውን አውልቀዋል፤ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ከረባታቸውንም ፈቱ። ሀዲጃ ዓሣ ልትገዛ መጥታ ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

ሹሙ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ።

«ቀዛፊዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ላንብብልሽና ያንቺ ቃል መሆኑን ታረጋግጫለሽ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው፣ ለአቶ ወልደዮሐንስ አሥራ አንድ ዓመት በቀን ሠራተኛነት ስቀዝፍ የኖርኩ ስሆን፣ ወፎቹን የሚያውቁትም፣ የሚገኙበትን ቦታ ፈልገው ያገኙትም እሳቸው ብቻ መሆናቸውን፣ እኔም በዚህ ሥራ ድርሻ የሌለኝ መሆኔን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።› አሻራው ያንቺ ነው?»

ሙሉእመቤት ወደ ወልደዮሐንስ ዞረች። እሱ ሐይቁን ያያል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ሳትነግረው ምንም አይቶ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ሐይቁን እንዴት አተኩሮ እንደሚያይ!

«ጣቱ የኔ ነው» አለች።

«ቃሉስ?»

«ጣቱ የኔ ነው አልኩ እኮ ጌታዬ።»

ሹሙ ሙቀቱ አሰልችቷቸዋል፤ በዚያ አለፉት። «በሉ ይውጡና ያሳዩኝ» አሉት ወልደዮሐንስን። «የሚያዩትን ይጥሩልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። በዚያ ነው የምወስነው።»

እዚያው መጮኽ ትችል ነበር። ግን በሆዷ «ቆይ፣ ውኃው ላይ እንተያያለን» አለች። ዛሬ መቅዘፍ እንጂ መምታት የለም። ቃልም የለም። ፈተናው ውስጥ ሲገባ ማን ምን እንደሚያውቅ ይለያል።

ገቡ። የአባያ ውኃ እንደ ወትሮው እንደ ሸክላ ቀልቷል፤ ነፋስ ገና አልተነሣም። ባለከረጢቶቹንና ራሰ ነጩን ንስር ወልደዮሐንስ ራሱ ጠራቸው፤ እነሱንማ የዲላ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከዚያ የሚያውቀው አለቀበት። ጀርባው ሲጠብቅ ታየዋለች። ትከሻው ሲወጠር፣ ጆሮው ወደ ኋላ ሲቀር ታየዋለች። አንዴ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ።

«አበልጄ፣ ዛሬ ዝም አልሽሳ?» አለ ሳይዞር።

«የቀን ሠራተኛ ምን ይናገራል?»

«ምን አለች?» አሉ ሹሙ፣ ከደብተራቸው ቀና ብለው።

«ነፋስ ሳይመጣ እንፍጠን ነው የምትለው ጌታዬ።»

ድንጋዩ ላይ ጥቁሩ ጠላቂ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ወልደዮሐንስ ትንሽ አመነታና «ዳክዬ!» አለ። ሹሙ «ዳክዬ» ብለው ጻፉ። ዝንጉርጉሩ፣ አየር ላይ ቆሞ እየተርገበገበ ውኃ ውስጥ የሚወረወረው መጣ። «የእርግብ ዘር ነው» አለ ወልደዮሐንስ። ሹሙ ጻፉ። ሽመላ ቁራ ሆነ፤ ተጻፈ። ሙሉእመቤት ሹሙን አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም። እኚህ ሰው ዳክዬና ጆፌ አሞራ ጎን ለጎን ቢያቆሙላቸው አይለዩም! ዝም ማለቷ እሱን ምንም አልጎዳውም።

በዚህ መሐል ውኃው ሲጎድል ብቻ ብቅ ከሚለው አሸዋ አጠገብ ደረሱ። ከሩቅ ሦስት ወፎች ውኃውን ታከው እየመጡ ነው። ወልደዮሐንስ ዓይኑን አጨናበሰና «እነዚያ ዓሣ ለቃሚዎች ናቸው፣ ብዙ አሉ፤ እንመለስ» አለ።

ብዙ አሉ! አንዳንድ ዓመት ጭራሹን አይመጡም። መጀመሪያ ያየቻቸው ከፈለኝ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ ብቻዋን መረብ ልትጥል ወጥታ፣ መረቡን ትታ ስታለቅስ ነው። ፈረንጆቹ አገር አቋርጠው የሚመጡት ለነዚህ ነው። አሁን ስም አጥተው ሊያልፉ ነው።

አፏን ልትዘጋ ሞከረች። አልቻለችም።

«ውኃ ቀዳጁ ነው!» ብላ ጮኸች። «ዓይንህን ግለጥ! ታችኛውን መንቁሩን ተመልከት፣ ከላይኛው ይረዝማል። ጌታዬ፣ እዚህ ጋ፣ በግራዎ!»

ሹሙ ታንኳውን እስኪያንገዳግዱ ድረስ ተነሡ። ሦስቱ ወፎች አፋቸውን ከፍተው፣ በታችኛው መንቁራቸው ውኃውን እየሰነጠቁ፣ አጠገባቸው ሽው ብለው አለፉ። ከኋላቸው ሦስት ቀጭን መሥመር ቀረ።

«ወይ ተአምር!» አሉ ሹሙ እንደ ሕፃን። «ጨርቅ በመቀስ እንደ መቅደድ እኮ ነው!»

ወልደዮሐንስ ጊዜ አላጠፋም። የእንግሊዝኛ ስሙን ጠራ። ከዚያ መንቁሩ ዓሣ ሲነካው እንዴት ግጥም እንደሚል፣ ለምን በረጋ ውኃ ላይ ብቻ እንደሚያድን፣ እሷ ስትነግረው የኖረችውን በሙሉ ዘረገፈው። «እኔ ነኝ መጀመሪያ ያገኘኋቸው» አለ። «ብቻዬን ወጥቼ ሳለ።»

ሹሙ ሁሉንም ጻፉ። ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ሙሉእመቤት ዞር አሉና በደግነት ፈገግ አሉላት።

«አየሽ፣ አንቺም ከሳቸው ጋር ስትውይ ትንሽ ትንሽ ለምደሻል።»

እስከ ዳር ድረስ ቀዘፈች። እጇ እንዴት እንደ ቀዘፈ አታውቀውም።

ፈቃዱ የላንድሮቨሩ አፍንጫ ላይ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመታበት። መኪናው ከሄደ በኋላ ወልደዮሐንስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ታንኳው መጣ።

«አበልጄ፣ አትቀየሚኝ። ፊደል ላልቆጠረች ሴት ማን ፈቃድ ይሰጣል? ስምሽን ባስገባ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንቀር ነበር። እንጀራችን እንዳይቋረጥ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አሁንም አንተ አልሽኝ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ጣትሽን ትሰጪኝ ነበር?»

«አልሰጥህም ነበር።»

«አየሽ!» አለ፣ ልክ እንደ ረታት ሰው። «አሁን ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ቅዳሜ አራት እንግዶች አሉን፤ ሲነጋጋ እንነሣለን።»

ሙሉእመቤት የታንኳውን አፍንጫ ያዘች። ሀዲጃ ሳትጠራት ተነሥታ በሌላ በኩል ያዘችላት። ጎትተው አሸዋው ላይ አወጡት።

«ፈቃዱ ያንተ ነው፣ አልነካብህም» አለችው። «ቅዳሜ ወረቀቱን ውኃው ላይ ዘርጋና እንግዶችህን ከላዩ አስቀምጥ። ከተንሳፈፈልህ ጥሩ።»

ሀዲጃ ሣቋ አመለጣት። ወልደዮሐንስ ግን አልሣቀም። «በጽጌማርያም ይሁንብሽ» አለ። «ልጄ ነው እኮ።»

ሙሉእመቤትን ያቃጠላት ይሄኛው ነው። ልጁ መሆኑማ እውነት ነው፤ ክርስትናው በማኅተም አይሻርም። ለፋሲካ ሄዶ ጉልበቱን ይስማል። እናቱ አትሂድ ልትለው አትችልም፤ ለምን ቢላት ደግሞ ምን ትመልስለታለች?

«አንቺስ እንግዲህ ምን ልትበዪ ነው?» አለች ሀዲጃ፣ ሰውዬው ዳገቱን ሲወጣ።

«ዓሣ።»

«ለዓሣ ፈቃድ አይጠይቁም?»

«እስካሁን አልጠየቁም።»

ቅዳሜ ጠዋት ወልደዮሐንስ አራቱን እንግዶች ይዞ መጣ። ሙሉእመቤት ውኃው መሐል መረቧን እየዘረጋች ነበር። «አበልጄ!» ሲል ሰማችው። ቆየት ብሎ «ሙሉእመቤት!» አለ፣ በስሟ። እንግዶቹ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ደግነው፣ ከዳር ሆነው ከላይዋ የሚዞሩትን ወፎች ያያሉ፤ ወደ ወልደዮሐንስ ዞረው የሚጠይቁትም ስማቸውን መሆን አለበት። እሷ የሁሉንም ታውቃለች። ጀርባዋን እንደሰጠች መረቧን ዘረጋች።