የጥቁሯ ሎኮሞቲቭ ዝገት

አባቷ የሞተው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ ራሱን ሲነቀንቅ ፊቱን ማየት ስላቃታት ከበላዩ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት ነበር ያየችው። አባትየው ከአንድ ቀን በፊት ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል። አዳልጦት ነው አሏት። እሷም ሌላ ከተማ ካለው መሥሪያ ቤቷ በአውቶቡስ ስትከንፍ መጥታ፣ ዓይኑን ሳይገልጥላት አመለጣት።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የፉርጎ መርማሪ ነበር። ረጅም እጀታ ባለው መዶሻ የባቡሩን ጎማ ቃ! እያደረገ፣ ደህናውንና የተሰነጠቀውን በድምፁ የሚለይ ሰው። ጡረታ ሲወጣ ባቡሩ ተከትሎት ቤት ገባ፤ ትንንሽ የሞዴል ባቡሮች መሰብሰብ ጀመረ። ሱቅ ውስጥ የሚያብለጨልጩት ግን ያናድዱት ነበር። «ይሄ ባቡር ነው ወይስ የከረሜላ ቆርቆሮ?» ይልና ማስረጀት ይጀምራል። ቡናማ ቀለም በቀጭኑ በጥብጦ ይቀባና ሳይደርቅ በጥጥ ከላይ ወደ ታች ይጠርገዋል፤ የዝናብ መውረጃ ይሆናል። ቡናማና ጥቁር ጠመኔ ፈጭቶ አቧራና ጥላሸት ያደርገዋል። ፉርጎውን አርጥቦ ጨው ይነሰንስበትና በላዩ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ ጨዉን ሲያራግፈው ቀለሙ ለዓመታት የተላላጠ ይመስላል። አክስቷ፣ የአባትየው ታላቅ እህት፣ ይሄን ባየች ቁጥር፣ «ሰው የቆሸሸ ያጥባል፤ የኔ ወንድም የታጠበ ያቆሽሻል» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ስልክ ደውሎ፣ «ጥቁሯን ጨረስኳት» ብሏት ነበር። ጥቁሯ ማለት በጣቢያው ግቢ ፉርጎዎችን ስታቀናጅ የኖረች ሎኮሞቲቭ ናት፤ አባቷ ከማንኛዋም በላይ የሚያውቃት። «ስትመጪ ትወስጃታለሽ። የአንቺ ናት።» ልጅቷ ከዚያ ቤት የምትፈልገው ነገር ይሄ ብቻ ነበር። የአባቷ እጅ መጨረሻ ላይ የነካውን ማግኘት።

መደርደሪያው ላይ ግን አልነበረችም።

«ሰዓት ሠሪው ወስዷታል» አለች አክስቷ፣ ስካርፏን እያጠበቀች። «ደግሞ ቁልፍ አለው። ወንድሜ ነው የሰጠው። ለምን እንደሰጠው እኔን አትጠይቂኝ።»

ሰዓት ሠሪው ከመንገዱ ማዶ ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ትንሽ የሚናገር፣ ከሱቁ የማይወጣ ሰው ነው። አስተዛዛኞች ከተበተኑ በኋላ በሦስተኛው ቀን መጣ። ጥቁሯን በመነፅር መጥረጊያ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዟታል።

«ሞተሯ ያንቋርር ነበር። ላስተካክላት ነው የወሰድኳት» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።»

ስትቀበለው ጣቶቹን አየች። ጥፍሮቹ ሥር ቡናማ ነገር ገብቷል። የሰዓት ሠሪ እጅ ዘይት ሊነካው ይችላል። ዝገት ምን ያደርግበታል?

ልጅቷ የምትሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ሥራዋ ከማሽኑ የሚወጣው ቀለም ከናሙናው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ነው። ማጉያ መነፅሯ ከቦርሳዋ አይጠፋም። መስኮት ሥር ተቀምጣ ጥቁሯን አገላብጣ አየቻት። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አሮጌ ፉርጎ አውርዳ አጠገቧ አስቀመጠች።

አሮጌው ላይ ዝገቱ ወፍራም ነው፤ አንዳንድ ቦታ የአባቷ አውራ ጣት አሻራ ጥላሸቱ ላይ ታትሟል። ጥቁሯ ላይ ዝገቱ ስስ ነው፤ እንደ መርፌ ጫፍ ነጠብጣብ እየሆነ በብሎኖቹ ዙሪያ ይሰበሰባል። ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ከጭስ ማውጫው በስተቀኝ ነጭ መስመር ቁልቁል ወርዷል። አባቷ ነጭ ቀለም ተጠቅሞ አያውቅም።

«ይሄ የአባዬ እጅ አይደለም» አለች።

አክስቷ ይሄንኑ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ወንበሯን ሳበች። «ምን አልኩሽ?»

«ምንም አላልሽኝም።»

«በሆዴ ብያለሁ! ለውጦ ነው ያመጣው። የሷን ቢጤ ገዝቶ፣ ቀባብቶ፣ እነሆ አለሽ። ያችኛዋን አሁን ብርድ ልብስ አልብሶ ያስተኛታል።»

«አክስቴ ሙች፣ አታስቂኝ።»

«ስቄ ነው እንዴ የምናገረው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ተነስታ የታችኛውን መደርደሪያ ፉርጎዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። የታችኛው መደርደሪያ በሙሉ እንደ ጥቁሯ ነው። ያው ስስ ዝገት፣ ያው የመርፌ ጫፍ ነጠብጣብ። ማክሰኞ ማታ ከሆስፒታል ስትመለስ ደረቷ ላይ ይዛ ያለቀሰችበት የድንጋይ ከሰል ፉርጎ ሳይቀር። አንድ ብቻ አይደለም የለወጠው ማለት ነው። ስንት ዓመት ነው በዚያ ቁልፍ ሲገባ ሲወጣ የኖረው? አባቷስ እንዴት አላወቀም? የፉርጎ መርማሪ፣ የገዛ ፉርጎው ሲለወጥበት?

በማግስቱ ጠዋት ጥቁሯን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። አክስቷ፣ «ምስክር ያስፈልግሻል» ብላ ተከተለቻት።

ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ላይ ያጠለቀውን መነፅር አወለቀ። ልጅቷ ሰላምታውን ሳትመልስ፣ «ቁልፋችንን ይስጡኝ» አለች።

ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ለምን ብሎ አለመጠየቁ ጥርጣሬዋን አባሰው። የተነጠቀ ሰው ይጠይቃል።

«አሁን ደግሞ የአባቴን ሎኮሞቲቭ።»

«ይዘሻታል እኮ።»

«ይቺ አይደለችም!»

«ልጄ፣ ራሷ ናት።»

«ጥፍርዎን ያሳዩኝ እስቲ» አለች አክስቷ ከበሩ። «ሰዓት ነው የዛገብዎት?»

ሰዓት ሠሪው እጁን ወደ ባንኮኒው ሥር አወረደ። ልጅቷ ባንኮኒውን ዞራ ገባች፤ መሳቢያውን ሳበችው። የአባቷ ብሩሾች ነበሩ፤ እጀታቸው በጥርሱ የተነከሰ፣ የምታውቃቸው። የጠመኔ ዱቄት ብልቃጦቹ፣ የጨው ዕቃው። ግማሹ የተቀባ አንድ የዘይት ፉርጎም አለ።

«ያዝናቸው!» አለች አክስቷ።

«ሆዷን ገልብጠሽ እዪያት» አለ ሰዓት ሠሪው። ድምፁ አልተለወጠም። «ጥቁሯን። ከዚያ ፖሊስ ብትጠሪም ጥሪ።»

አባቷ በሥራ ዘመኑ መርምሮ ያሳለፈው ፉርጎ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ቤቱ የገባውም ሁሉ፣ ቀለም ሳይነካው በፊት፣ ከሥሩ በመርፌ ይሄው ምልክት ይጫርበታል። ልጅቷ ገለበጠቻት። ምልክቱ አለ። ከላዩ ያለው አቧራ ጭረቱ ውስጥ ገብቷል። ማጉያውን አስጠግታ አየች፣ እንደገና አየች። የአባቷ ጭረት ነው። ሎኮሞቲቯ ራሷ ናት።

«ታዲያ ይሄን ዝገት ማነው የቀባው?»

ሰዓት ሠሪው ግማሹ የተቀባውን የዘይት ፉርጎ ከመሳቢያው አወጣ፣ ብሩሹን በምራቁ አሾለው፣ ቡናማውን በጥብጦ አንዷን ብሎን ነካት፤ ከዚያ በጥጥ ጫፍ ቁልቁል ሳበው። ስስ መስመር ወረደ። ቀጠለ። ልጅቷ ቆማ አየችው። የታችኛው መደርደሪያ ዝገት ዓይኗ እያየ እዚያ ባንኮኒ ላይ ተወለደ። ያለቀሰችበት የከሰል ፉርጎ ዝገትም ይሄው ነው።

«እርስዎ ነዎት» አለች።

«ሦስት ዓመት ሆነ። ዓይኑ ጠፍቶበት ነበር። መጀመሪያ ቀለሙ ነው የጠፋበት፤ ቡናማና አረንጓዴ አንድ ሆኑበት። ኋላ የሚያየው ነገር መሐሉ ጨለመበት። እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና እየነገረኝ እሠራለሁ። እዚህ ጋ ዘይት ይፈሳል፤ እዚህ ጋ የነጂው ክርን ስለሚያርፍ ዝገት የለም፤ ጠጋ በል፣ አበዛኸው፣ ጥረገው። በጥፍሩ ዳብሶ ካልወደደው ያሳጥበኛል። ጨቅጫቃ ነበር።»

«ወንድሜ ዕውር አልነበረም!» አለች አክስቷ። ከዚያ ግን፣ ምሳ ሲበሉ ማንኪያውን እሷ እጁ ላይ ማድረግ የጀመረችው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እያሰበች ይመስላል።

ልጅቷ ግን አላመነችውም። የተያዘ ሰው ጥሩ ታሪክ ያወራል። ጥቁሯን አስጠጋችለት፣ ጣሪያዋን በጣቷ አሳየችው። «ይሄ ነጭ መስመር ምንድነው? አባቴ ነጭ አይጠቀምም።»

«እኔም ብዬዋለሁ። ተከራክረናል። ጣቢያው ግቢ ውስጥ የሚያፈስ የውሃ ታንከር ነበረ አለኝ። ጥቁሯ የምታድረው ከሥሩ ነው። ውሃው ጨዋማ ስለነበር ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። በስተቀኝ ብቻ። እኔ ግቢውን አይቼው አላውቅም።»

ታንከሩ የፈረሰው እሷ ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። አባቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያሳልፋት አናቷ ላይ ጠብ ይልባትና ትጮህ ነበር። ይሄን የሚያውቅ ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

ባንኮኒውን ያዘች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ማተሚያ ቤታቸው ያበላሸውን የቀን መቁጠሪያ ለቀልድ አምጥታለት ነበር፤ ቀዩ ከቦታው ሸሽቶ የሰው ሁሉ ፊት እንደ ጉበት የሆነበትን። አባቷ በክንዱ ርቀት ይዞት፣ «ውብ ነው፤ ሙያሽን አከበርሽ» አላት። ያላገጠባት መስሏት ስቃ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምሎኝ ነው። ከሰማሽ ወደ አንቺ ከተማ ጠቅልለሽ ትወስጂዋለሽ ብሎ ፈራ። አልጋ ላይ አስቀምጣ ሾርባ ታጠጣኛለች አለ።»

«እወስደው ነበር።»

«እሱም ያለው ይሄንኑ ነው።»

ሰዓቶቹ ግድግዳው ላይ በየራሳቸው ይቆጥራሉ። ልጅቷ ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። የሌብነቱ ነገር ወጥቶላት፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ ብሏል።

«ሰኞ ዕለት» አለች ቀስ ብላ፣ «ደረጃው ላይ አዳለጠው ያላችሁኝ። ደረጃው ደረቅ ነው። ዝናብም አልነበረም።»

ሰዓት ሠሪው ብሩሹን አስቀመጠ።

«አይቶት አይደለም የወረደው» አለች። «ወደዚህ ሲመጣ ነበር፣ አይደል? ወደ እርስዎ።»

«ሁልጊዜ ሄጄ ይዤው እመጣ ነበር» አለ። «ሰኞ ደንበኛ ያዘኝ። ጠብቀኝ ብዬ ላክሁበት። አልጠበቀም።»

አክስቷ ክንዷን ያዘቻት፤ ልጅቷ አስለቀቀቻት። ሰዓት ሠሪው ጥቁሯን በጨርቁ መልሶ ጠቀለላትና በሁለት እጁ ገፋ አደረጋት። ተቀበለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ነጩ መስመር ትክክል ነው» አለች፣ ወጣች።

በሳምንቱ ቤቱን ስትዘጋ ጥቁሯንና የላይኛውን መደርደሪያ ይዛ ሄደች። የታችኛውን አክስቷ በቅርጫት ሞልታ ለሰዓት ሠሪው አደረሰችለት፤ አሁንም እሱ ዘንድ ነው። ልጅቷና እሱ ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም።