ሽጉጡና ሁለተኛው ፍሬን

መኪና መንዳት የሚያስተምረውን ሰው ተማሪዎቹ ሁሉ ጋሽ ፍሬን ይሉት ነበር። ስሙን ያወጡለት ከአፉ በማይጠፋው ቃል ነው። «ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን» ይላል ቀኑን ሙሉ፤ ተማሪው አልሰማ ካለው ደግሞ በእሱ በኩል የተገጠመውን ሁለተኛ ፍሬን ራሱ ይረግጠዋል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ መኪናው ማንንም ገጭቶ አያውቅም። በማሠልጠኛው ፈሪ የተባለ ተማሪ ሁሉ ለእሱ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ሽጉጥ የመግዛት ሐሳብ የመጣለት መኪናውን ከተቀማ በኋላ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማሪው ጋር መብራት ላይ ቆመው ሳለ፣ ሁለት ሰዎች የኋላውን በር ከፍተው ገቡና አንደኛው የጋሽ ፍሬን አንገት ላይ ቢላዋ አደረገ። ሁለቱንም አስወርደው መኪናዋን ይዘው ሄዱ። መኪናዋ በሦስተኛው ቀን ከከተማው ዳር ተገኘች፤ መስታወት እንኳ አልጎደላትም። የእሱ እንቅልፍ ግን ሳይገኝ ቀረ። ለሚስቱ «አንገቴን እንደ ዶሮ ያዘኝ» ብሎ አንዴ ነገራት፤ ዳግመኛ አላነሳውም። ለመሣሪያ ፈቃድ ያመለከተው በዚያው ሳምንት ነበር።

ፈቃዱ አምስት ወር ፈጀ። መሣሪያ መሸጫው ውስጥ የተቀበለችው መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወፈር ያለች ሴት ናት። እሱ ያሰበው ኪስ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ ነበር። ሴትየዋ እጁን እንዲዘረጋ ነግራው ያዘችና አገላብጣ አየችው።

«ይሄ እጅ ለትንሿ አይሆንም» አለችው። «ትንሿን መያዝ ቀላል ነው፤ ስትተኩስባት ግን ትዘልብሃለች። ትልቁን ውሰድ። ትልቁ የሚያስቸግረው ስትሸከመው ብቻ ነው።»

«የምገዛው እኮ ልሸከመው ነው።»

«እንግዲያው ትለምደዋለህ» አለች፣ ሳትስቅ።

የገዛው ትልቁን ነው፤ ጥቁር። አሥራ ሰባት ጥይት ይይዛል፤ አንዴ ካቀባበሉት ቃታው በተሳበ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ጋሽ ፍሬን ስድስት ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ተመላለሰ። በአራተኛው ቅዳሜ ወረቀቱን መሐል መሐሉን ይበሳው ጀመር። ደስ ማለቱ ራሱንም ገረመው።

መሸከሙ ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። ሱሪው በቀኝ በኩል ይወርዳል። ሚስቱ ከኋላው እያየች «እንደ አሮጌ አጥር ዘመምክ እኮ» አለችው። ወፍራም ቀበቶ ገዛ፤ ቀጥሎ ሰፊ ጃኬት። ሙቀት ሲሆን ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ አይሞቅህም?» ይሉታል፤ እሱ «ብርድ ብርድ ይለኛል» ይላል። መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የሽጉጡ እጀታ ጎኑን ይወጋዋል። ሦስት ሳምንት ቻለው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጋደል ብሎ መቀመጥ ጀመረ፣ ተመቸውም። ከዚያ በኋላ «ፍሬን» ማለቱም ቀነሰ። ዓይኑ መንገዱን ትቶ የእግረኛውን እጅ፣ የቆመውን ሰው ኪስ፣ በመስታወት የሚመጣውን ሞተረኛ ይከተል ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማሪዎቹ አንዷ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፤ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሲስተር ይላታል፤ እሷም ወንድሜ ትለዋለች። አንድ ረፋድ ላይ ዳገት መሐል ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላቸው የቆመ የዕቃ መኪና ጥሩንባውን ይነፋ ጀመር። እሷ ቁልፉን ብታዞር አልነሳ አለ፤ ደግማ አዞረች። የዕቃ መኪናው ሾፌር ወርዶ መጣና የመኪናዋን ጣራ በመዳፉ ደበደበው።

«እዚህ ልታድሩ ነው?»

አዋላጇ ደነገጠችና እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሳች። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጋሽ ፍሬን እግር ከሐሳቡ ቀድሞ ይረግጥ ነበር። አሁን የቀደመው እጁ ነው፤ ጃኬቱ ሥር ገብቶ እጀታውን ጨብጧል። እግሩ ወደ ኋላ ከተገፋው ወንበር ፍሬኑን ሲፈልግ አጣው። ሲያገኘው መኪናዋ አንድ እርምጃ ያህል ሄዳለች፤ የፊቱ ጎማም የሾፌሩን እግር ረግጦ አልፏል።

ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ጮኸ። አዋላጇ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ወደ ጋሽ ፍሬን ዞረች። መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ ጃኬቱ ሥር እጀታውን የጨበጠ እጁን አየች።

«እጅህን አውጣ» አለችው በዝግታ። «ከዚያ ውረድና አግዘኝ።»

እጁን አወጣ። እሷ ወርዳ የሾፌሩን ጫማ ፈታች፣ ሻርፗን አውልቃ እግሩን አሰረች፣ የተሰበሰበውን ሰው ገለል አደረገች። ጋሽ ፍሬን የታዘዘውን ያዘ፣ የታዘዘውን አነሳ። በጎነበሰ ቁጥር ሽጉጡ እንዳይታይ ጃኬቱን ወደ ታች ይስበዋል።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ማሠልጠኛው ቢሮ ቀረቡ። ሥራ አስኪያጁ ዳገቱን፣ ሞተሩን፣ ጎማውን ጠየቀ።

«እኔ ፍሬኑን ለቅቄያለሁ» አለች አዋላጇ። «ጥፋቴ ነው። ግን ለዚህ አይደል አጠገቤ ሰው የተቀመጠው? እሱ እግሩን ትቶ ሽጉጡን ነው የፈለገው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሽ ፍሬን ዞረ። «ሽጉጥ ይዘህ ነው የምታስተምረው?»

«ፈቃድ አለኝ።»

«ፈቃዱን አልጠየቅኩህም።»

«ይዤ ነው» አለ ጋሽ ፍሬን።

ለሦስት ወር ከመኪና ታግዶ ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት እንዲያስተምር ተወሰነ። ቤቱ ገብቶ ሽጉጡን ፈታ፣ ጥይቱን አወጣ፣ በብረት ሣጥን ቆለፈበት። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ሁሉንም ነገራት። «ቢላዋው አሁንም አንገትህ ላይ ነው» አለችው። አዋላጇ በሌላ አስተማሪ በሁለተኛው ወር ፈተናውን አለፈች። ኮሪደር ላይ አግኝታው ነገረችው፤ እጇን ዘርግታ ጨበጠችው። 

ሾፌሩን ሊጠይቀው የሄደው ያኔ ነው። ሰውየው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ሻይ አቀረበች። ጣራውን በመደብደቡ ይቅርታ የጠየቀው ሾፌሩ ነው፤ አደጋው በደረሰበት ሳምንት ሦስት ጊዜ ሌቦች ሊዘርፉት ሞክረው ስለነበር የሚያደርገውን አያውቅም ነበር። ጋሽ ፍሬን ሻዩን አስቀመጠ።

«አንድ የማታውቀው ነገር አለ። ያን ጊዜ እጄ ሽጉጥ ላይ ነበር። ሰውነቴ ፍሬኑን ረስቶት ነበር።»

ሾፌሩ ሚስቱ ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠበቀና ወደ ጋሽ ፍሬን ጎንበስ አለ።

«ፈቃዱ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም እያሰብኩ ነበር።»

ጋሽ ፍሬን የታሰረውን እግር አየ።

«አምስት ወር» አለ።